በሩ ላይ የቆመው ሰማያዊ ሰው

በቻይናዋ የሸክላ ከተማ በጂንግደዠን፣ ሰሐን ላይ ሰማያዊውን ቀለም ዌንታይ ይስላል፣ ቀዩን ሚስቱ ባን ሹዬ። እንዲሁ እንደሆኑ አብረው አረጁ። የሚገለብጡት ከጃፓን የመጣ አንድ ናሙና ሰሐን ነበር፤ ወንዝ ዳር ያለ ቤት፣ ወለል ብሎ የተከፈተ ባዶ በር። ዌንታይ ቤቱን በጥሬው ሸክላ ላይ ይስላል፤ ሰሐኑ እንደ መስታወት የሚያበራውን ልባሱን ለብሶ በትልቁ ምድጃ ይጠበሳል። ከዚያ ሹዬ ከበሩ አጠገብ ቀይ አበባዋን ታክላለች፤ ወርቁን ደግሞ አብራት የምትሠራው አሮጊቷ ማ።

በመከር ዌንታይ ሞተ። በአገሩ ወግ፣ ነፍሱ ቤቷን ልትሰናበት በምትመለስበት ሌሊት ደጃፍ ላይ አመድ ይነሰነሳል፤ ቤተሰቡም ድምፅ ሳያሰማ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ሹዬ አልቻለችም። ደጁ ሲንቋቋ ብድግ ብላ በስሙ ጠራችው። ጠዋት አመዱ ላይ እንደ ዌንታይ ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው ዱካ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የወጣ ግን የለም።

ዌንታይ ከመሞቱ በፊት የሳላቸው ሰሐኖች ከዚያ ሌሊት በኋላ ተጠብሰው ከትልቁ ምድጃ ወጡ። የሸክላ ቤቱ አለቃ ጁ አንዱን አንስተው አፈጠጡበት።

«አንቺ ሹዬ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ከየት መጣ? ናሙናው ላይ የለም እኮ!»

«እኔ እንጃ፣ አለቃ።»

«ባልሽ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ዕድሜ ልኩን አንዲት ቅጠል ሳይጨምር ኖሮ ሊሞት ሲል ቀልድ አማረው? በይ አበባ ድፊበት!»

ሰማያዊው ከልባሱ ሥር ነውና አይፋቅም፤ መሸፈን ብቻ ነው። ሹዬ አንድ በአንድ ሸፈነች። በመጀመሪያው ሰሐን ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷል። ቀጥሎ ባሉት በጎኑ ዞረ። በመጨረሻው ፊቱን ወደ እሷ መልሶ ቆሟል። እዚህ ላይ ብሩሿን አስቀመጠች።

«ምን ታፈጪበታለሽ?» አለች ማ፣ ከወርቋ ቀና ሳትል። «በስሙ ጠርተሽ አስረሽው እኮ ነው፣ እቴ። እንኳን ሙት፣ ገበያተኛም ከኋላው ሲጠሩት መንገዱ አይቀናውም።»

«ከሸፈንኩት ሁለተኛ አላየውም።»

«ካልሸፈንሽውስ መች ይሄዳል?»

ሹዬ ብሩሿን ቀይ ቀለም አጠገበችው። «በል፣ ሂድ» አለች በለሆሳስ። ስሙን አልጠራችም። አበባዋን ፊቱ ላይ ሳለችው።

በማግስቱ ቀዩ የሚጠበስበት ትንሹ ምድጃ ተከፈተ። አለቃ ጁ በሩ ላይ ቆመው ይጮሃሉ።

«ማነው ከምድጃው የተዛቀውን አመድ የረገጠው? ጫማ የላችሁም እንዴ?»

የባዶ እግር ዱካ ከምድጃው አፍ ተነስቶ በደጁ ወጥቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ግራው ተጎትቷል። የተመለሰ የለም።

«እኔ እጠርገዋለሁ» አለች ሹዬ። መጥረጊያውን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነፋሱ አመዱን እስኪያነሳው ድረስ ግን አልጠረገችም።