ደውሎ የሚዘጋ ስልክ

ጂንካ ውስጥ እኔን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ፣ አንድ የሞተ ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ሙያ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ያስተማረኝ የለም። አሪኛም ሐመርኛም እችላለሁ፤ አማርኛዬን ደግሞ እያነበባችሁት ነው። ስለ ስልክ ሥራ አዋጅ ሲወጣ ሱቄ ቁጭ ብዬ አንቀጽ በአንቀጽ አነባለሁ። የወረዳ ሠራተኞች ሳይቀሩ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምን ማለት ነው?" እያሉ ይመጣሉ። ማስረዳት አይታክተኝም።

ስልክ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ ብቻ የነበረበትን ዘመን ኖሬበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ተራ ጠብቀን አንዲት ጠባብ ክፍል ገብተን እየጮህን እናወራ ነበር። ሞባይል ሲመጣም ሲም ካርድ የሚገኘው ተመዝግቦ፣ ደጅ ጠንቶ ነው። ከተገኘም በኋላ የምንሞላው ካርድ ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ ለቤቴ ሕግ አወጣሁ። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ተዘግቶ ወዲያው ከደገመ "ኑልኝ" ማለት ነው። ማንም አያነሳም፣ ካርድም አይቆጥርም። ሚስኮልን የፈጠርኩት እኔ ነኝ አልልም፤ ሥርዓት ያስያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

በኋላ ሌላ ኩባንያ ሊገባ ነው ተባለ። ሰፈሩ ሱቄ ደጃፍ ተሰበሰበ።

"ገዘር ከተማ አንድ ወፍጮ ብቻ የነበረ ጊዜ ትዝ ይላችኋል?" አልኳቸው። "ባለወፍጮው እንደተቀመጠ 'ነገ ኑ' ይል ነበር። ሁለተኛው ወፍጮ ሲተከል ያው ሰውዬ ብድግ ብሎ የእናቶችን ኬሻ ከአህያ ላይ ማውረድ ጀመረ። ውድድር ይሄ ነው።"

"ሁለቱ ተመካክረው ዋጋ ቢጨምሩብንስ?" አለች ጎረቤታችን፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ።

"ለዚያ ነው ተቆጣጣሪ የተቀመጠው። አንዱ 'የዚያኛውን ደንበኛ አላገናኝም' እንዳይልም ያስገድደዋል።"

"የእርስዎን ወሬ የሚቆጣጠር መቼ ነው የሚቀመጥልን?" አለ ፀጉር ቆራጩ። ሳቁብኝ፤ ሆኖም አንድም ሰው አልሄደም።

የመጀመሪያ ልጄ ቆላው ውስጥ ባለችው ቱርሚ አስተማሪ ናት። ያገባችውም እዚያው ነው፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ የፅንሱ አቀማመጥ ስላላማረ ጂንካ ሆስፒታል እንድትወልድ ተነገራት። ቀደም ብላ እንድትመጣ ለመንናት። "ተማሪዎቼን ሳላስፈትን አልመጣም" አለች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች ባለቤቴን ብትጠይቋት ወደ እኔ ትጠቁማለች። እንግዲያው ምጡ ሲጀምራት በሕጋችን ልትደውል፣ እኔም መኪና ይዤ ልደርስ ተስማማን።

ከዚያ ቆላው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። በመንገዱ ያለው ወንዝ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ አለ፤ የድሮው መሥሪያ ቤት የስልክ መስመርም ቱርሚ ላይ ጠፋ። የልጄ ቁጥር "አይገኝም" ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ስልኩን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጎን አስቀምጣ ትጸልያለች፤ ታየዋለች፤ ደግሞ ትጸልያለች። እኔ ምንም እንዳልተጨነቀ ሰው የማንም ያልሆነ ሬዲዮ ፈታሁ።

ወንዙ ጎደለ በተባለበት ጠዋት ስልኩ ጮኸና ተዘጋ። ወዲያው ደግሞ ጮኸና ተዘጋ። አየሁት። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ የአዲሱ ኩባንያ ቁጥር።

"ተይው፣ አጭበርባሪ ነው" አልኳት። የማታውቁትን ቁጥር አትመልሱ ብዬ ሰፈሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

"አጭበርባሪ ማውራት አይደል እንዴ የሚፈልገው? ለምን ይዘጋል?"

"ተሳስቶ ይሆናላ።"

"የተሳሳተ ሰው ሃሎ ይላል። ይሄኛው ዘጋ፤ ደገመና ዘጋ። አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ሕግህ ጠፋህ? ልጄ ናት!"

በዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት ዘመን ሰው ሁሉ የሚታወቀው በአንድ ቁጥሩ ነበር፤ መልእክት በሌላ ሰው ቁጥር ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባለቤቴ ግን ቁጥሩን መች አየችው! የሰማችው አጠራሩን ነው።

ደወልኩ። አንድ የፍየል ነጋዴ በሐመርኛ "እዚህ ናት፣ ላገናኝህ" አለና ስልኩን ለልጄ ሰጣት።

"አባዬ፣ ጀምሮኛል።"

"ታዲያ ምነው ዝም ብለሽ አታወሪም?"

"የሰው ካርድ ነዋ!"

እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። የጎረቤቴን ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ይዘን ወረድን። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ ሹፌሩን "ቀስ በል" እና "ፍጠን" ስትለው ነበር። ልጃችን እናቷን ስታይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ስንመለስ ራሷን እናቷ ጭን ላይ አድርጋ፣ የእኔን እጅ ጨብጣ ነበር። እጄ በማግስቱም አመመኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጂንካ ደርሰን በሰላም ሴት ልጅ ወለደች።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልዘርዝር። ያለ አስተማሪ ሙያ ተምሬ ልጆቼን አሳደግሁበት። ለቤቴ ያወጣሁት ሕግ በአንዱ መሥሪያ ቤት ዘመንም በሁለቱ ዘመንም ሠርቷል፤ የትኛውም ኩባንያ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለውም። ለሰፈሩ ውድድርና ቁጥጥር ምን እንደሆነ አስረዳሁ፣ ፀጉር ቆራጩን ጨምሮ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ከሰፈሩ ቀድሜ ያዝኩ፤ የድሮ ቁጥሬን ግን አልጣልኩም። አንዲት የልጅ ልጅ በጊዜዋ ሐኪም ፊት አደረስኩ።

ልጄም ዛሬ የፈለገችውን ያህል የምታወራበት ጥቅል እያላት፣ ጠዋት ጠዋት አንዴ ደውላ እንድትዘጋ አደረግሁ። ባለቤቴ ያንን ሳትሰማ ቁርስ አትቀምስም።