ነጭ ምልክቱ የጠፋበት ሻፍት

አባቴ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ሲቀመጥ እንኳ ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጣል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ግራ ይገባዋል። እናቴ «ከአባትሽ ጋር መንገድ መሄድ ማለት ከሁለት ሾፌር ጋር መሄድ ነው» ትል ነበር።

ሱሉልታ ወዳለው ጋራዤ ሲመጣ መኪናዋን ሊሸጣት መወሰኑን ነገረኝ። ከጫንጮ ዙሪያ ካሉ ገጠሮች ሰውና እህል ሲያመላልስባት የኖረባት አሮጌ ባለሁለት ዲፈረንሻል መኪና ናት። ከተማ ውስጥ የሆነ ጋራዥ ከስሯ የሆነ ነገር ፈታትቶ ከገጠመላት ወዲህ ፍጥነቷ ስድሳን ሲያልፍ ትንቀጠቀጣለች። አባቴ ምክንያቱን ዕድሜ ነው ብሎ ዘጋው።

«እኔም እሷም አርጅተናል። ለአንድ የጫንጮ እህል ነጋዴ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ» አለ። «እስከዚያ እያት። የታመመ ነገር ለሰው አልሰጥም።»

«እስከ ዛሬ ለምን ወደ እኔ አላመጣሃትም?»

«አንቺ የቤት መኪና ነው የምትሠሪው ብዬ ነዋ።»

ደሜ ፈላ። አሥር ጣቴ ግራሶ እንደነከሰ የኖርኩት፣ ወንዶቹ መካኒኮች «ሴትዮዋ ጋ ውሰደው» እየተባባሉ የጨነቃቸውን የሚያመጡልኝ እኔ፣ ለአባቴ መኪና አንሼ ተገኘሁ። ግን ከንዴቴ የበለጠ ያስፈራኝ ሌላ ነው። መኪናዋ ከሄደች አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ሲለይ ሊውል ነው። እንዲህ ቁጭ ያሉ ሾፌሮች አይቻለሁ፤ ብዙም አይቆዩም።

ነድቼ አየኋት። የሚንቀጠቀጠው መሪው ሳይሆን ወንበሩና ወለሉ ነው። እንዲህ ሲሆን ጎማ አይጠረጠርም፤ የሚጠረጠረው ሻፍቱ ነው፤ ከካምቢዮው ተነስቶ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያዞረው ረጅም ዘንግ። ይህ ዘንግ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል። ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ የሚባሉ መስቀለኛ ብረቶች አሉ፣ እነሱ አልቀዋል። ከመፍታቴ በፊት እንደ ነበረ መልሼ ልገጥመው ሁለቱ ቁራጮች በሚገናኙበት ቦታ ነጭ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ አውርጄ መሬት ላይ አስተኛሁትና አዲስ ክሮቼራ ልገዛ ቡራዩ ሄድኩ።

ስመለስ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። ሻፍቱን ከሁለት ለያይቶ፣ በናፍጣና በብሩሽ ፈትጎ፣ ጆንያ ላይ አጋድሞታል። ለገበያ የሚወጣ በሬ እንኳ እንደዚያ አይታጠብም። እኛ አገር ሰው ለሌላ ሰው የሚያስረክበውን ነገር ከነጉድፉ አይሰጥም፤ አባቴ ደግሞ ከስር ያለውን፣ ገዢው የማያየውንም አጠበ።

ነጭ ቀለሜ የለም።

«አባዬ፣ ምን አደረግክ? በየትኛው በኩል ልገጥመው ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«እኔ ምን አውቄ? ቆሻሻ መስሎኝ» አለ። በሩ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። በልጅነቴ እንኳ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም።

ጆንያው ላይ ተንበርክኬ ብረቱን አገላበጥኩ። ለዓመታት የደረቀ ግራሶና ጭቃ በነበረበት ቦታ አንዲት ትንሽ ቀስት ተቀርጻለች። ሌላውን ቁራጭ አነሳሁ፤ እሱም አለው። የፋብሪካው ምልክት ነው፤ ሁለቱ ቀስቶች ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። እንደዚያ ሳገጣጥማቸው ክሮቼራውን የሚይዙት የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ዋሉ። ስፈታው ግን እንዲህ እንዳልነበሩ በደንብ አስታውሳለሁ። ያ የከተማው ጋራዥ አጣሞ ነው የገጠመው። የእኔ ነጭ ቀለም ቢኖር ኖሮ ስህተቱን በታማኝነት መልሼ እገጥመው ነበር።

«አባዬ፣ ና እይ» አልኩት። አጎንብሶ አየ፣ ቀስቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «አላረጀችም ማለት ነው?» አለ።

ክሮቼራዎቹን ቀይሬ ሻፍቱን ሰቀልኩት። ትልቁ መንቀጥቀጥ ሄደ፣ ትንሽ ቀረች። ሻፍት የሚያመዛዝን ማሽን የለኝም፤ ግን ማሽን የሚያስንቅ አባት አለኝ። ሻፍቱ ላይ የውሃ ጎማ የሚታሰርበትን ፋሸታ አሰርኩ፤ የፋሸታው ቡሎን ክብደት በቀለለው በኩል ሲውል ዘንጉ ይረጋጋል። በሱሉልታ ሜዳ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ አባቴ ይነዳል፤ ከዚያ መንገድ ዳር ይቆምልኛል፤ እኔ ከስር ገብቼ ፋሸታውን ትንሽ አዞራለሁ። እንደገና ይነዳል። የሚያልፉ ገበሬዎች «አካም፣ መኪናዋ ተበላሸች?» ይሉታል፤ እሱ «የለም፣ ልጄ እያከመቻት ነው» ይላቸዋል። ከስር ሆኜ እሰማው ነበር።

በመጨረሻ «እዚህ ጋ ተይው» አለ። ጋራዥ ተመልሰን በፋሸታው ፋንታ ትንሽ ቁራጭ ብረት በየድኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ነጋዴው ስንሄድ «አንቺ ንጂ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ልስማት» አለኝ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ስድሳን አለፍኩ። ሰማንያ ገባሁ። «እህስ?» አልኩ። በመስታወት ሳየው አንገቱ ወደ ጎን ወድቋል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ቀኝ እግሩ ምንም አይረግጥም።

ኩራት እንባ እንደሚያመጣ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ እንዳይነቃ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ።

ነጋዴው ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሞተሩን ሳጠፋ አባቴ ነቃ፤ የት እንዳለ ለማወቅ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኦቦ፣ ይቅር በሉኝ። አትሸጥም» አላቸው።

«ምነው? ቃል ሰጥተውኝ አልነበር?» አሉ ሽማግሌው። «ትንቀጠቀጣለች ብለውም ነግረውኛል፤ እንዲያም ሆና ወድጃታለሁ።»

«ልጄ ሠራቻት» አለ አባቴ። «ከሱሉልታ እዚህ ድረስ ተኝቼ መጣሁ።»

ሽማግሌው፣ አባቴ ለዓመታት እህላቸውን ሲጭንላቸው ስለኖረ፣ ጸባዩን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ስለ ግዢው ሌላ ቃል ሳይናገሩ ግቡ፣ ቁርስ ብሉ አሉን።