የሜሊዶ አሥረኛ ስርቆት

በእኛ ሠፈር ሜሊዶ ፍሮሜታን የማያውቅ ሰው ካለ ውኃ ጠጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ትልልቁን የመጠጥ ውኃ ጠርሙስ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ትከሻው አድርጎ ደረጃ ለደረጃ የሚያደርሰው እሱ ነው። ቁመቱና ወርዱ የተመጣጠነ ነው፤ እኩል ነው ማለቴ ነው። ከሩቅ ሲመጣ ያየው ሰው ፍሪጅ እየገፉ የሚያመጡ ይመስለዋል። ታዲያ በእሁድ ሊጋችን ስመ ጥር ሌባ ሊሆን አንድ ስርቆት ብቻ የቀረው ይህ ሰው ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ስርቆት ያልኩት የቤዝቦሉን ነው። በከተማችን በሳን ፔድሮ ይህን የማያውቅ የለም፤ ምናልባት እንግዳ ካለ ብዬ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ወደ መቺው ሊልክ ሲል፣ ትራስ ከምንላቸው መሬት ላይ ከተነጠፉ መቆሚያዎች አንደኛው ላይ የቆመው ሯጭ ተፈትልኮ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ተቀባይ ኳሱን ቀልቦ ወደዚያው ይወረውራል። ኳሱ ከቀደመ ሌባው ተያዘ። ሌባው ከቀደመ ትራሱ የራሱ ነው።

ሜሊዶ ኳስ መትቶ ከአጥር ውጭ መላክ ብርቁ አይደለም። በዚያ ዓመት አሥር ልኳል፤ አንዷማ የፓስተሩ ሚስት የሳንኮቾ ሾርባ ድስት ውስጥ ገብታ እሁዱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ። ግን አሥር መትቶ አሥር መስረቅ፣ ያውም በአንድ ዓመት፣ በእኛ ሊግ አንድም ሰው አድርጎት አያውቅም። የሚመታው አይሮጥም፣ የሚሮጠው አይመታም። እግዜር ሲያድል እንደዚያ ነው ያደለው።

ዘጠኙን እንዴት ሰረቀ ብትሉ፣ ማንም ስለማይጠረጥረው ነው። እሱ ትራስ ላይ ሲቆም ወርዋሪዎቹ ያርፋሉ፤ እሱም እንዳረፉ ይሄዳል። ዘጠኝ ሲሞላለት ግን ሁሉም ነቃ። አሥረኛዋ አልገኝ ብላ የመጨረሻው እሁድ ደረሰ።

እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ አንደኛው ትራስ አጠገብ ቆሜ ሯጭ እመክራለሁ፤ ስለዚህ ሜሊዶ ለምን እንዲያ እንደተንገበገበ አውቃለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለትልልቅ ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምል አንድ ሰው መጥቶ አስሩጦት ነበር። ሰዓቱን አየና፣ "ይሄ እጅ እንጂ እግር የለውም፤ ዕቃ ይሸከም" ብሎ ሳቀበት። ሜሊዶም ዕቃ ተሸከመ፤ ጸጉሩ እስኪሸብት። በቀረበት ሀብት ሲቆጭ ሰምቼው አላውቅም። "እግር የለውም" የምትለዋ ቃል ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀርታለች። "አንድ ቀን እግር እንዳለኝ በአደባባይ ይነገርልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም" ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ከስኳር ፋብሪካ ሠፈር ልጆች ጋር ነበር። ተቀባያቸው ፀጉር አስተካካዩ ፍሬሚዮ ነው፤ የሜሊዶን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳ፣ አበልጁ። ፍሬሚዮ ወርውሮ ስለመያዝ ሲያወራ መቀሱ እንኳ ሥራ ይፈታል። "ከእኔ የሚሰርቅ ገና አልተወለደም" ይላል፤ እውነትም በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን ማንም አልሰረቀውም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሜሊዶ አንደኛው ትራስ ላይ ደረሰ። የደጋፊዎቹ ከበሮ ጋለ። ኳሱ ገና ከወርዋሪው እጅ ሳይወጣ ሜሊዶ ተፈተለከ፤ በሆዱ ተንሸራትቶ ሁለተኛውን ትራስ አቀፈው። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እኔ ባርኔጣዬን ወረወርኩና እስካሁን አላገኘኋትም።

"አይቆጠርም!" የሚል ድምፅ በማይክ መጣ።

የሊጋችን ውጤት መዝጋቢ ዶኛ ካሲልዳ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከተጫዋቾቹ ግማሹን ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"ፍሬሚዮ ኳሱን ይዞ ፈገግ ብሎ ቆሟል" አሉ። "ልወርውር ብሎ እጁን እንኳ አላነሳም። የሰጡት ነገር አይሰረቅም። ትራሱ ላይ ይቁም፤ ስጦታ ግን አልመዘግብም።"

"ኧረ ዶኛ፣ ይለፉት!" አለ ሕዝቡ።

"ጩኹ! ልጆች ሳላችሁም ስትጮኹ አልፈራኋችሁም!"

ሜሊዶ ተነሳ። ከአገጩ እስከ ቀበቶው አፈር ሆኗል። ወደ ፍሬሚዮ ዞሮ እንዲህ ሲል ሜዳው ሁሉ ሰማው፦

"አበልጄ! ምጽዋት ለምኜሃለሁ?"

"ለፍቅር ነው እኮ ወንድሜ! ልጃችን ደስ ይበላት ብዬ..."

"ለልጃችን አሻንጉሊት ግዛላት! ለእኔ ወርውርልኝ! አሁን ሦስተኛውን እሰርቅሃለሁ። የምር ካልወረወርክ ቤቴ ድርሽ እንዳትል!"

ሌባ መምጣቱን ለባለቤቱ ሲያሳውቅ ያን ቀን አየሁ። የፍሬሚዮ ፈገግታ ጠፋ።

"እንደሱ ነው? ና በላ! ያ ቦርጭህ መንገድ ሳይጀምር ኳሴ ደርሳ ምሳዋን ትበላለች!"

ወርዋሪው አንድ ወረወረ፤ ሜሊዶ ንቅንቅ አላለም። ደገመ፤ አሁንም ዝም። "ሜሊዶ፣ አውቶቡስ እየጠበቅክ ነው?" አለ አንዱ ከአጥር ማዶ። ሳቁ ሳያበቃ ሜሊዶ ሄደ።

ሲሮጥ ያምራል ብዬ አልዋሽም፤ አያምርም። ግን እንደዚያ ከልቡ የሮጠ ሰው አላየሁም። ፍሬሚዮ ኳሱን ቀለበና ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቀው። እንዲያ ያለ ውርወራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲለቀው እሱ ራሱ ጮኸ። ኳሱና ሜሊዶ አንድ ላይ ደረሱ። ሜሊዶ በዚህኛው ጊዜ በሆዱ አልተንሸራተተም፤ እግሩን አስቀደመ። አቧራው ገለል ሲል የጫማው ጫፍ ትራሱን ነክቷል። ዳኛው ሁለት እጁን ዘረጋ። ደርሷል!

የፋብሪካው ሠፈር ደጋፊዎች ግን ተነሱ። "አሁንም ሰጥቶት ነው! አበልጆች ናቸው እኮ!"

ሁሉም ወደ ዶኛ ካሲልዳ ዞረ።

"ፍሬሚዮ፣ ወዲህ ና" አሉ። መጣ፤ አንገቱን እንደ ተማሪ ደፍቶ። "የምር ወርውረሃል?"

ከእኔ የሚሰርቅ አልተወለደም ሲል የኖረ ሰው በሁሉ ፊት ተሰረቅኩ ማለት ይከብደዋል፤ አንጀቴን በላው።

"የምር ነው ዶኛ" አለ በመጨረሻ። "ልገድለው ነው የወረወርኩት። ቀደመኝ።"

"እጅህን አንስተህ ማል።"

ቀኝ እጁን ሊያነሳ ሞከረ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተጨማደደ፤ እጁ ተመልሶ ወደቀ።

"ዶኛ፣ ቀኜ አልነሳ አለኝ። በግራዬ ብምል ይሆናል?"

ከወንበራቸው ተነስተው የማያውቁት ሴትዮ ተነስተው ትከሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ፍሬሚዮ "እናቴን!" ብሎ ዘለለ። ዶኛ ካሲልዳ ቁጭ አሉና ጻፉ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ሜሊዶ ፍሮሜታ። በእጁ አሥር። በእግሩ አሥር።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም፤ አንዱ ቢራውን ጭንቅላቴ ላይ ሲደፋ ሌላው ይስመኝ ነበር። የሁለቱም ሠፈር ሰው አጥሩን አልፎ ገባ። ፍሬሚዮ በደህና እጁ የአበልጁን አንገት አቅፎ፣ "ሌባ! አንተ ሌባ!" እያለ ያለቅሳል። ሜሊዶ ግን ሦስተኛው ትራስ ላይ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ነው፤ እንባውና አፈሩ ፊቱ ላይ ጭቃ ሆኗል። አንገቱን አስግጎ በሰዉ መሀል ጮኸ፦

"ዶኛ ካሲልዳ! እባክዎ የመጨረሻውን ይድገሙልኝ!"

እሳቸው ሰዉ ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

"በእግሩ" አሉ፣ ቃሉን ጎተት አድርገው፣ "አሥር።"