የገንዳው ነዋሪዎች

የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ሠራተኞች የላቦራቶሪ ኃላፊዋን «አልኮል» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። እጇን በአልኮል፣ ጠረጴዛውን በአልኮል፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር በአልኮል ትወለውላለች። ትምህርቷን በማዕረግ የጨረሰች፣ ለሥራዋ ሟች የሆነች ሴት ናት። ክፋት አልነበረባትም። ብቻ የተደባለቀ ነገር አትወድም።

ማጣሪያው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሰው ሳይሆን ጀርም ነው። ከከተማው ቤቶች የሚመጣው ፍሳሽ ትልልቅ የሲሚንቶ ገንዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ አየር ይነፋበታል፤ ቡናማው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቆሻሻውን ይበሉታል። ከዚያ ውሃው ጠርቶ ወደ ወንዙ ይለቀቃል።

እነዚህን ፍጥረታት ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንድ አዛውንት ቴክኒሽያን ነበሩ። በየጠዋቱ ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስደው ማይክሮስኮፕ ሥር ያደርጉና ያዩትን ሁሉ ደብተር ላይ ይስላሉ። የሳይንስ ስማቸውን ስለማያውቁ ራሳቸው ስም አውጥተውላቸዋል። በቀጭን ክር ጫፍ ላይ የሚወዛወዘው «ደወል» ነው። አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚውለው «ተከራይ»። ሌሎቹ ደክመው ካዘጋጁት ላይ መጥቶ የሚበላውን ደግሞ «አማች» ይሉታል። የልጃቸው ባል ይህን ሰምቶ ሁለት ሳምንት እንዳኮረፋቸው ይወራ ነበር።

አንድ ዓመት ገንዳዎቹ ስለተሰነጣጠቁ ለጥገና ባዶ መሆን ነበረባቸው። ኃላፊዋ ይህን አጋጣሚ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። የድሮውን ጭቃ ጠቅላላ አስጥላ፣ በዱቄት መልክ የሚመጣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ልታስገባ ወሰነች። በሙከራው ዱቄቱ ከሁሉም ፈጥኖ ቆሻሻ ይበላል።

ጋሼ ቢሮዋ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ከድሮው ጭቃ አንዲት ገንዳ እንኳ ትቀመጥ» አሏት።

«ምን ያደርግልናል ጋሼ? ግማሹ ሥራ ፈት ነው። እርስዎ ራስዎ ተከራይ፣ አማች እያሉ ስም አውጥተውለት የለ እንዴ?»

«ሥራ ፈት የሚመስለው ተራው ስላልደረሰ ነው። ብርድ ሲመጣ የሚበረታ አለ፤ ሳሙና ሲበዛ የሚችል አለ። ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን የማላየው፣ ሌላው ሲያልቅ ብቅ ብሎ ገንዳውን ይሞላዋል። ያኔ በረኪና የገባብን ጊዜ ማን ያዳነን መሰለሽ?»

«ያኔ እኔ አልነበርኩም ጋሼ። እኔ የማየው የሙከራውን ውጤት ነው።»

በሳምንቱ ደግመው መጡ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሦስተኛ ጊዜ አልመጡም። እሷም ሥራው እንዳይጓተት በሚል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረቻቸው።

ጥገናው አልቆ ዱቄቱ ከገባ በኋላ አራት ወር ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ። ጎብኚ ሲመጣ በብርጭቆ እየቀዳች ታሳይ ነበር። ከፍሳሹ ጋር ሌሎች ጀርሞች መግባታቸው ባይቀርም ዱቄቱ በየሳምንቱ ስለሚጨመር ሥር የሚሰዱበት ጊዜ አላገኙም።

በአምስተኛው ወር የአንድ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ማጠራቀሚያ ፈነዳና በርሜል ሙሉ የጀርም መግደያ ወደ ቱቦው ገባ። በማግስቱ ገንዳው አረፋ ደፈቀ። በሦስተኛው ቀን ጭቃው ጠቁሮ ተንሳፈፈ። ያ አንድ ዘር ሲያልቅ የሚተካው አልነበረም፤ አዲስ ዱቄት ቢጨመርም መርዙ እየገደለው አልያዘም። ፍሳሹ እንዳለ ወንዙ ውስጥ ይገባ ጀመር።

ከወንዙ ዳር ጎመን የምታለማ አንዲት ሴት የሞቱ ዓሦች በሳፋ ይዛ ላቦራቶሪው ድረስ መጣች። ሳፋውን የተወለወለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«እኔ አልተማርኩም» አለች በቀስታ። «ምን ሆነው እንደሞቱ ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ኃላፊዋ ሳፋውን አንስታ ወደ ውጭ አወጣችው። ኮሪደር ላይ ሠራተኞቹ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባባሉ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች።

መርማሪዎች ሲመጡ ሪፖርቱን የጻፈችው እሷ ናት። ጥፋቱን በሙሉ በልብስ ማጠቢያው ላይ አደረገችው። ስለተጣለው ጭቃም ሆነ ስለ ጋሼ ማስጠንቀቂያ አንድ ቃል አልጻፈችም። ጋሼ ሪፖርቱን አንብበው አጠፉትና ለቢሮዋ ጸሐፊ መለሱ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

ከሌላ ከተማ ማጣሪያ ጭቃ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ ገንዳው እስኪያገግም አምስት ወር ፈጀ። በዚያ መሀል ኃላፊዋ የላቦራቶሪውን ቁም ሳጥን ስታስጠርግ የጋሼን ደብተሮች አገኘች፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ስለ በረኪናው የጻፉትን ገጽ ፈልጋ አነበበች፦ «ደወሎቹ አለቁ። ስም ያላወጣሁለት ትንሽ ክብ ነገር በዝቷል። ዛሬ ያቆመን እሱ ነው።» ደብተሮቹን ሰብስባ ካርቶን ውስጥ ከተተች።

በዚያው ቅዳሜ ቤታቸው ሄደች። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶት አገኘቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። አልሰማሁዎትም፤ ይባስ ብዬም ስምዎን ከሪፖርቱ አስቀረሁት። ደብተሮችዎን ያነበብኩት አሁን ገና ነው።»

«ጥፋቱስ የኔም ነው» አሉ። «ሁለቴ ተናግሬ ሦስተኛውን ተውኩት። ከፍቶኝ ነዋ። ኩርፊያዬን ከገንዳው አስበለጥኩ።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ደብተሮቹን ይዘሻል? እስቲ ምን እንደሚመስል ንገሪኝና ማን እንደሆነ ልንገርሽ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ሥዕሎቹን በቃል ትገልጽላቸዋለች፤ እሳቸውም የትኛው መቼ እንደሚበዛ፣ ምን እንደሚችል ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። ዘጠነኛውን ደብተር ጨርሰው በአሥረኛው ቅዳሜ ስትደርስ ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ተቀበሏት።

ከልቅሶው ስትመለስ ለመርማሪዎቹ እውነቱን የሚናገር ረጅም ደብዳቤ ጻፈች። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል አንድ መስመር ነበር።

አሁን በየጠዋቱ ጠብታውን የምታየው እሷ ናት። አንዳንድ ቀን በአሥራ አምስተኛው ወይም በሃያኛው ደብተር ላይ የተሳለ አንዱ ፍጥረት ሌንሱ ሥር ብቅ ይላል። መልኩን ታውቀዋለች። ከሥዕሉም ሥር በጋሼ እጅ «ጎረቤት» የሚል ስም ተጽፏል። ምን እንደሚሠራ ግን የምትጠይቀው ሰው የለም።