ጉረኛው መካኒክ የፈራበት ቀን

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ወልቂጤ ካለው የሙያ ትምህርት ቤት የተቀበልኩትን ዲፕሎማ በላስቲክ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር። የጋራዡ ባለቤትና ዋና መካኒክ ጋሽ ሽኩር ምን እንደምችል ጠየቁኝ።

«ሞተር ዓይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ!» አልኳቸው።

«ማሻ አላህ! እስቲ ዓይንህን ገልጠህ ያንን ጎማ ፍታ።»

የአሮጌ የጭነት መኪና የግራ ጎማ ነበር። መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ ታገልኩት፤ የብሎኑ ዳዶ ንቅንቅ አላለም። ለካ የዚያ መኪና የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ኖሯል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቀው ቆይቻለሁ! ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ጉራ ብቻ» ሆነ።

ጋራዥ ውስጥ ጉራ የማይነዛ የለም። ባለመኪናው «መኪናዬ ተነክታ አታውቅም» ይላል፤ ሹፌሩ «ከቡኢ በሃያ ደቂቃ ገባሁ» ይላል። ጋሽ ሽኩር ለሁለቱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን ሲሰሙ ግን ይቆጣሉ።

«የባለመኪና ጉራ ወሬ ነው» ይሉኛል። «የመካኒክ ጉራ ተሳፋሪ አለው። ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ!»

ማን ይሰማል! ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ሳድግማ ባሰብኝ። ሥራዬ ጥሩ ነበር፤ ይህን ስል ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አለበት።

ሥራ በጀመርኩ በስምንተኛ ዓመቴ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ነስሩ የሚባል ደንበኛችን ቅጥቅጥ አውቶቡሱን በሰው ጢም አድርጎ ጭኖ ጎማ ሊያስነፋ ገባ። ጉዞው ወደ አረቅጥ ነበር፤ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋሽ ሽኩር ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። መኪናው አጠገቤ ሲያልፍ ከኋላው ቀኝ ጎማ የሆነ የሚፈጭ ድምፅ ሰማሁ።

«ነስሩ፣ የኋላው ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይጮሃል። ጎማው ሳይፈታ አትሂድ።»

«አንተ ደግሞ! ወላሂ ጉራህን ዛሬ ሌላ ሰው ፈልግለት። ሰው ጭኛለሁ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱማ በመስኮት ብቅ ብሎ «በጆሮው ነው የሚያክመው?» አለ። ደሜ ፈላ! «በዚህ አገር የእኔን ጆሮ የሚያህል የለም» የሚል መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በመስኮቱ ሕፃን ያቀፈች እናት አየሁና ቃሉን ተውኩት። ነስሩ ማርሽ አስገባ። ሮጬ በሩን ያዝኩ።

«ነስሩ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ፈርቻለሁ።»

ዞሮ አየኝ።

«ምን አልክ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም አልኩህ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም» አለና ሞተሩን አጠፋ። «ሁላችሁም ውረዱ!»

ክሪኩን ከሥር አስገብቼ ጎማውን አወረድኩ። ኩሽኔታው ተሰነጣጥቆ፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ ከፊሉ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ቢሄድ ኖሮ ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ተነቅሎ ይወጣ ነበር! የሳቀው ሰውዬ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ነስሩ አልሐምዱሊላህ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጉራ ተውኩ ብዬ አልዋሽም። ይህንን ታሪክ ራሱን ስንቴ እንደነዛሁት ቡታጅራ ታውቃለች። በሥራ ላይ ግን አንድ ነገር ለወጥኩ፤ እናንተ ሙያውን የጀመራችሁም ያዙት። የፈታችሁትንና ያያችሁትን እንደ ልባችሁ ተናገሩ። ያልፈታችሁትን አውቀዋለሁ ማለት ጉራ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ መኪናው ሳይነሳ ተናገሩ።