ሐይቁ ያፈሳል ያልኩ ጊዜ

ትናንት የልጅ ልጄ የብስክሌቷን ከመነዳሪ ከጎማው ውስጥ ጎትታ አወጣችና፣ "አባባ፣ የት ጋ እንደሚያፈስ ጠፋኝ" ብላ እጄ ላይ ጣለችው። ሳፋ ሙሉ ውሃ አስቀዳሁ። ነፋሁት፣ ነከርኩት፣ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ ጠበቅኩ። ብዙም አልቆየም፤ እንደ መርፌ ክር የቀጠነች የአረፋ መስመር ከታች ተነሥታ ብልቅ ብልቅ እያለች ወጣች። የማስቲሹን ክዳን ስከፍት ሽታው ገና አፍንጫዬ ሳይደርስ፣ እኔ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ አዋሳ ፒያሳ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ነበር።

ያኔ በደርግ ጊዜ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ብስክሌት ይነዳል፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም። ጎማ ደግሞ ይበሳል፤ ሲበሳ ወደ እኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ዕድሜ የእኔን ያህል ያነበበ ሰው በከተማው አልነበረም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነባለሁ። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት አነባለሁ። ተማሪዎች ጎማ ሊያስጠግኑ ሲመጡ ደብተራቸውን እቀበልና ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ። ማስቲሽ በደንብ እንዲይዝ መድረቅ አለበት፤ እኔ ደግሞ የማንንም ማስቲሽ አጣድፌ አላውቅም።

ከሱቄ ፊት ትልቅ ዛፍ ነበር። ከሥሩ አንድ አግዳሚና አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ክርክር አለ። ወንበሩ የመምህሩ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የሚያስተምሩ፣ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ እሁድም ክራቫታቸውን የማይፈቱ ረጅም ሰው። አግዳሚው ላይ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይቀመጣል። የሲዳማ ልጅ ነው፣ ፕሮቴስታንት፤ ሲጨንቀው በአፍንጫው መዝሙር ያዜማል፤ ያኔ በአፍ መዘመር ያስጠይቅ ነበርና። ከዚያ ደግሞ ነርሷ አለች፤ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር ከሆስፒታል በብስክሌት የምትመጣ። ሲስተር ነው የምንላት።

ስለ ምን ትከራከሩ ነበር በለኝ። ስለ ምን አንከራከርም! ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል ወይስ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የተነሣው? አንድ ቀን መኪና ያለ ሾፌር ይሄዳል ወይ? የሬዲዮ ባትሪ ቶሎ የሚጨርሰው ዘፈን ነው ወይስ ዜና? ልብስ ሰፊው "ዜና ነው እንጂ፤ ስንት አገር ዞሮ ነው የሚመጣው!" ይል ነበር። ደግሞ አንድ ቀን፣ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ማኅፀኗ አይጎዳም ወይ ብሎ አነሣ። ሲስተር "አንተ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ ትውላለህ፤ አራት ልጅ ከየት አመጣህ?" ብላ ዘጋችው።

እኔ ግን አልቀመጥም። ሱቁ የእኔ፣ አግዳሚው የእኔ፤ ሆኖም እጄን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ቁጢጥ ብዬ ነው የምሰማው። አንድ ሐሳብ ጣል ባደረግኩ ቁጥር መምህሩ በትህትና፣ ያውም ከስድብ በሚከፋ ትህትና፣ "አንተ ጎማህን ጠግን፤ ይሄ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ነው" ይሉኛል። ሰዉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ራት አይበላልኝም ነበር።

አንድ እሁድ ክርክሩ ሐይቁ ላይ ደረሰ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ክረምት ከበጋ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?

"ፀሐይ ትወስደዋለች" አሉ መምህሩ። "ትነት ይባላል። አለቀ።"

ልብስ ሰፊው "ጉማሬዎቹስ? ስንት በርሜል እንደሚጠጡ ያውቃሉ?" አለ።

እኔ ሳፋዬን አየሁት። ጠዋት እሞላዋለሁ፣ ፀሐይ ታጎድለዋለች፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል። በየሳምንቱ በአሸዋ ስፈገፍገው የኖርኩት ቅርፊት!

"ጋሼ" አልኩ፣ "ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨዉን ትታው ትሄዳለች። ፀሐይ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሐይቁ እስከ ዛሬ ጨው ሆኖ ነበር። የሻላን ሐይቅ ይዩት፤ ጨው ነው። የእኛ ግን ይጠጣል። ስለዚህ ከታች ያፈሳል ማለት ነው። በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ጨዉንም ይዞት ይወጣል።"

መምህሩ ሳቁ። "የከተማው ሐይቅ ጎማው ተንፍሷል ነው የምትለኝ? በል ማስቲሽህን ይዘህ ግባና ጠግነው!"

አግዳሚው በሳቅ ሊሰበር ነበር። ያልሳቀችው ሲስተር ብቻ ናት። "ለምን አትሞክሩትም?" አለች።

ተዋዋልን። ሁለት እኩል ሳፋ። አንዱ ድፍን፤ ሌላው ሥሩን በምስማር በስቼ፣ ቀዳዳውን በጎማ ቁራጭ አጥብቤ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚል። ወንዙ ይዞት የሚመጣውን ትንሽ ጨው ለመተካት ጀሪካን ውሃ ውስጥ ጨው እናሟሟለን፤ እኔ በየጠዋቱ ሁለቱንም ከዚያው ጀሪካን እስከ ምልክቱ እሞላለሁ። አምስት ሳምንት። ከላያቸው የሽቦ ወንፊት፤ ምክንያቱም አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ከዓሣ ገበያው ተርፈው ከተማውን የሚጎበኙ ረጃጅም ወፎች፣ የማንንም ሳይንስ አያከብሩም። ድፍኑ ጨው ሆኖ የሚያፈሰው ግን ጨው ካልሆነ፣ መምህሩ ከወንበሩ ይነሡልኛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀምጬ በተራዬ እናገራለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን በክርክር ሰዓት አፌን አልከፍትም፤ መቼም።

"መቼም?" አለ ልብስ ሰፊው ደንግጦ።

"መቼም" አልኩ። ጉራ አልነበረም፤ እርግጠኛ ነበርኩ። እሺ፣ ትንሽ ጉራም ነበረበት።

በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ሳፋዎቹ ፊት ቆመ። ስለ ጨው እንደምናወራ ሰምቷል።

"ጨው ጠፋ እያላችሁ ነው?"

"ኧረ በፍጹም፣ ጓድ ሊቀመንበር" አልኩት። "ሐይቁ ከታች ያፈሳል አያፈስም ነው ክርክሩ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ያፈሳል? ማን ቀደደው? የኢኮኖሚ አሻጥር ነው እንዴ?"

የልብስ ሰፊው አፍንጫ መዘመር ጀመረ። ሲስተር ግን ብስክሌቷን እንደያዘች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እያዋልን ነው" አለችው። መፈክሩ ከኋላው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ምን ይበል? "ቀጥሉበት" ብሎ ሄደ። ጥጉን እስኪዞር ጠበቅን። ከዚያ መምህሩ የክራቫታቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከትተው፣ ድምፅ እንዳይወጣቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔና እሳቸው በአንድ ነገር አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አምስተኛው እሁድ ደረሰ። ከሐይቅ ዳር የሚመጣው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዟል። ዛፉ ሥር ሰው ሞልቷል፤ የቆመው ከተቀመጠው ይበዛል። ቀማሿ ሲስተር ናት፤ የሁለታችንም ወገን የሚያምነው የእሷን ምላስ ነው። ዓይኗን በልብስ ሰፊው ቁራጭ ጨርቅ አሰርናት።

የመጀመሪያው ማንኪያ፤ የሚያፈሰው ሳፋ። "ጨው ጨው ይላል በጥቂቱ፤ ግን ይጠጣል።"

ሁለተኛው፤ ድፍኑ። ፊቷ ተጨማደደ፣ እንትፍ አለችው። "ይሄ ውሃ ነው? ይሄ የቁስል ማጠቢያ ነው!"

ጩኸቱን ብነግርህ አታምነኝም። ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ወጥቶ ያጨበጭባል። መምህሩ ማንኪያውን ተቀብለው ራሳቸው ቀመሱ። ከዚያ ተነሡ፤ ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረጉልኝና "ይኸው" አሉ።

ያን ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች ወደ ላይ ሳየው የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የቀረኝ ሁለት እርምጃ ነው። በመንገዴ ላይ ድፍኑ ሳፋ አለ። ዓይኔ ደግሞ ልማድ አለበት፤ ሳፋ ካየ ወደ ሥሩ ይመለከታል። ከውሃው በታች ሦስት አራት የጨው ድንጋዮች፣ ጥርት ያሉ፣ ገና ሟሙተው ያላለቁ፣ በከሰዓቱ ፀሐይ ያብለጨልጫሉ። የጀሪካኑ ጨው ሟሙቶ ነው የሚገባው። ይሄ በእጅ የተጣለ ነው።

ከኋላዬ በአፍንጫ የሚዜም መዝሙር ሰማሁ።

ሌላ ማንም አላየም። ሲስተር ዓይኗ እንደታሰረ ነው። መምህሩ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ይጠብቁኛል። ብቀመጥ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልነበረም። አልዋሽህም፣ ጉልበቴ መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኩ። "ተጨምሮበታል።"

ልብስ ሰፊው መዝሙሩን አቋርጦ "አንድ እፍኝ ብቻ ነው!" ብሎ ጮኸ። "አንዲት እፍኝ! ጌታ ይቅር ይበለኝ። ሁለት ዓመት ቁጢጥ ሲል እያየሁ የእኔን ጉልበት አመመኝ!"

ልቆጣው ነበር፤ ሳቁ ቀደመኝ። ሲስተር ጨርቁን ከዓይኗ ሳታወርድ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያልሳቁት መምህሩ ብቻ ናቸው። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ድንጋዮቹን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ" አሉ። "ራይት ያደረግኩለትን መልስ 'ጋሼ፣ ይሄ ተሳስቷል' ብሎ የመለሰልኝ ተማሪ አላጋጠመኝም። ቁጭ በል።"

"አላሸነፍኩም እኮ ጋሼ።"

"አላሸነፍክም። ስንደግመው ደግሞ ትሸነፋለህ፤ ትነት ነው አልኩህ። ግን ቁጢጥ ካለ ሰው ጋር ከእንግዲህ አልከራከርም። ቁጭ በል!"

ተቀመጥኩ። እንጨቱ ከእሳቸው የተረፈ ሙቀት ነበረበት። እሳቸው ልብስ ሰፊውን በክርናቸው ገፋ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና፣ አባ ኮዳዎቹ ለማደር ዛፉ ላይ እስኪሰፍሩ ድረስ ተከራከርን። እኔ በተራዬ ተናገርኩ። ተራዬ ባልሆነበትም ተናገርኩ። በዚያ ከተማ የገዛ ድሉን በገዛ አፉ የሰረዘ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም።

ሳፋዎቹን አጥበን እንደገና ጀመርን። አሁን ወንፊቱ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ሲስተር አንገት ላይ ነው፣ እኔም ውሃ የምሞላው እሷ ቆማ እያየችኝ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የመምህሩ የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ወደ ሩቅ ጠረፍ። ሻንጣቸውን በብስክሌቴ ጭኜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብለው "ውጤቱን ጻፍልኝ" አሉኝ። "እንዳትጨምርበት ብቻ!"

አምስተኛው እሁድ ሲስተር ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ወንበሩን ባዶ ትተን ሦስታችንም አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እሷ ቀመሰች፣ እኔ ቀመስኩ፣ ልብስ ሰፊው ቀመሰ። ወዲያው ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፦ "ጋሼ፣ ድፍኑ ጨው ሆኗል። የሚያፈሰው ይጠጣል። ማንም ምንም አልጨመረበትም።" ሦስት መስመር። ከዚያ የተሻለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አላየሁም።

መልስ አልመጣም። ሁለተኛም ጻፍኩ፣ ሦስተኛም። በዚያ ዘመን መምህር ከጠረፍ ጠረፍ ነበር የሚዛወረው፤ ደብዳቤዎቼ ከኋላ ከኋላቸው ሲሮጡ የቀሩ ይመስለኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩ ሰዎች ይህንኑ ሲሉ ሰማሁ፤ ሐይቁ በመሬት ውስጥ ውሃ ይለቃል አሉ። እኔ በሁለት ሳፋ ብዬው ነበር። ግን እነሱ ቢያምኑኝ ባያምኑኝ ምን ይጠቅመኛል? እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ መምህሩ መሸነፋቸውን ሳያውቁ ቀሩ።

ሲስተር ቁልፉን አልመለሰችልኝም። ይኸው ልጆች ወልደን፣ የልጅ ልጅ አይተን፣ እስከ ዛሬ ሲስተር ነው የምላት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። እኔ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ እልሳለሁ። እዚያ የሚዝናኑት ወጣቶች ያዩኝና ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

"እህስ?" ትለኛለች።

"ያፈሳል" እላታለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምለው፤ ሩቅ ያለ ሰው እንዲሰማኝ።