የአባቴ ሰፊ መነጽር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር መነጽር ቤት ገብተን የልጅ ልጄ ጉንጭ የሚሸፍን ፍሬም አንስታ «እማማ፣ ይሄ ነው የሚያምርብሽ» አለችኝ። «መልሽው!» ብዬ ጮኽኩባት። ሻጩ ደነገጠ። እሷ ምን ታድርግ፣ እኔ የታየኝ አባቴ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ብራና ላይ መጻሕፍት የሚጽፍ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ገና መቀጠሬ። እናቴ በመስከረም ስታርፍ፣ ለሙት ዓመቷ ዳዊት ጽፎ በስሟ ለደብራችን ሊሰጥ ተሳለ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ሐኪም ሞራውን ገፈፈለት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያለ ብርቱ መነጽር ፊደል ቀርቶ የገዛ ጣቱም አይታየው።

መነጽር ከአስመራ የሚያስመጡት ሐጂ ሁለት ፍሬም አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ትንሿን ክብ ውሰጂ» አሉኝ። «የእንዲህ ያለ ዓይን መስታወት ጠርዙ ስስ፣ መሐሉ ወፍራም ነው። ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር መሐሉ ይወፍራል። ወላሂ ይከብደዋል!»

«መሪጌታን የሚያህል ሰው ቁልፍ የምታህል መነጽር አድርጎ ማኅሌት ይቁም? ሰው ምን ይለኛል!»

ያን ጊዜ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ሁሉ ሰፊ ነው፤ ጋቢውም ጥምጥሙም። መነጽሩም እንደዚያው መስሎኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የእኔ መከራ ግን ያረፈው አባቴ ላይ ነው።

ያዘዝኩት ሰፊ መነጽር በግንቦት መጣ። አባቴ አጥልቆት «ሸጋ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈቱ ወደፊት አልሄድ አለ። ስጠይቀው «ደከመኝ» ይለኛል፤ እኔም አምናለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የሽምብራ ቆሎ ይዤለት ገባሁ። ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ይንሸራተታል፤ በግራ እጁ ሲደግፈው ብራናው ያመልጠዋል። አፍንጫው ግራና ቀኝ ቆስሏል።

«ምነው አባዬ፣ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ልጄ ያመጣችልኝን እንዴት ከበደኝ ልበል?»

በዝናብ ሮጬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም አንድ ቃል ሳይወቅሱኝ ትንሿን አዘዙ። ግን ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ተንዶ ማኪና አላልፍ አለ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጸበል ጻዲቁ ቀርቦ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ የደብሩ አለቃ «ምነው መሪጌታ፣ ዳዊቱስ?» አሉት።

አባቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። «እጄ ሰነፈብኝ አባ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

የእናቴ እህት «ለገዛ ሚስቱ ሰነፈ!» ስትል ሰማኋት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጠላ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ትንሿ መነጽር በጥቅምት መጣች። አባቴ ዳዊቱን በጥር ጨርሶ ለደብሩ ሰጠ። ስሙ ግን አልታደሰም፤ በዘመድ ዘንድ እስኪሞት ድረስ ለሚስቱ የሰነፈ ሰው ነበር።

ያንን ቀን ያዩት ዛሬ አንድም የሉ። ለማን ብዬ እንደምናገር አላውቅም፤ ቢሆንም ልናገር። አባቴ አልሰነፈም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አፍ አውጥቼ ይህን ማለት የነበረብኝም ያኔ ነበር።